ኢትዮጵያ እንደ ድሮው የመንግሥት ሃይማኖት ይኑራት?

ጠያቂ (የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እሑድ የብሎካችን ዕድር ስለ ድንኳን ሊነጋገር ተሰብስቦ፣ አንድ ጎረቤታችን «ድሮ መንግሥታችን ሃይማኖት ነበረው፤ ዛሬ ባለቤት አጣን» ብለው ወሬው ወደዚያው ዞረ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሐሳቡን አልጠላሁትም። እንግሊዝና ዴንማርክ አላቸው አይደል? እኛስ ብንመልሰው?

ባለ ሱቋ፦
ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ዕድሩን እኩል እከፍላለሁ፣ ለቅሶ እኩል እደርሳለሁ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ኢድ በሥራ ቀን ከዋለ አለቃውን ለምኖ ነው የሚሰግደው። ያንን ነው የምትመልሱት?

ጡረተኛ የታሪክ መምህር (ለገጣፎ)፦
ልጄ፣ ሞክረነዋል እኮ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችንን በመንግሥት የምትደገፍ አደረጋት፤ ንጉሡም ኦርቶዶክስ መሆን ግድ ነበረበት። እህታችን ያለችው ቅሬታ ተጠራቅሞ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ሰልፍ ሆኖ ወጣ። ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። ኢድ ብሔራዊ በዓል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ዙፋኑ ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያኗም አብራ ተመታች። የባላባቱን መሬት የወሰደው የ1967ቱ አዋጅ የእሷንም ወሰደ። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ በ1971 ገደላቸው። ከቤተ መንግሥት የሚቀለብ ሃይማኖት ባለቤቱ ሲቀየር ጦሙን ያድራል።

እንግሊዝማ ጉዷ ብዙ ነው። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኑ የበላይ ገዥ ነው፤ 26 ጳጳሳትም ሕግ አውጪው ምክር ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ጳጳስ ሲሾም ስሙን ለንጉሡ የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ደግሞ ሂንዱ ነው! እስቲ ይህን ለዚያ ጎረቤታችሁ ንገራቸውና የሚሉህን ጻፍልን።

ጴንጤው፦
ጋሼ፣ በወረቀት ላይማ የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። እኛ ለጸሎት ቤት ቦታ ስንጠይቅ ግን መልሱ ሁሌ «ነገ ኑ» ነው። ቢሮው ውስጥ የተሰቀለውን ሥዕል ሳይ የመንግሥት ሃይማኖት የቀረ አይመስለኝም።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፦
እሱስ እውነትህን ነው። ማመልከቻችሁ ላይ አማኞች የሃይማኖት ትምህርትና አስተዳደር ተቋም ማቋቋም ይችላሉ የሚለውን የዚሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 2ን ጥቀሱ። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ሳታስመቱ ከቢሮው እንዳትወጡ።