የከረሜላ ሻጮች ቀን ነው ብለን እንተወው?

የቅዳሜ አስተማሪ፦ ሰላም ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የፊታችን ቅዳሜ ስዊተስት ዴይ ነው። በቅርብ ለመጣችሁ ላስረዳ፤ እዚህ ኦሃዮ፣ እንዲሁም ሚሺጋንና ኢሊኖይ አካባቢ፣ በኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ሰዎች ከረሜላና ቸኮሌት የሚሰጣጡበት ቀን ነው። ሥራም ትምህርት ቤትም አይዘጋበትም። እዚህ ኮሎምበስ የአማርኛ ክፍላችን ቅዳሜ ስለሆነ ቀኑ ገጠመ። ልጆቹም «እኛስ?» እያሉኝ ነው። ትንሽ ትንሽ ከረሜላ ሰጥተን ስለ ከረሜላ ታሪክ ግማሽ ሰዓት ብናወራላቸው ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ሁለት ወላጆች በውስጥ መስመር ተቃወሙኝ። ብቻዬን የምወስነው ነገር አይደለም። እናክብረው ወይስ ይቅር?

የመንትዮቹ አባት፦ አንዱ ተቃዋሚ እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። ይሄ ከረሜላ ሻጮች ገበያቸውን ለማድመቅ ተሰብስበው የፈጠሩት ቀን ነው። ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ሃሎዊን ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የቀረው። አምና ልጆቼ ከዚያ ይዘውት የመጡት የትራስ ጨርቅ ሙሉ ነበር፣ እስከ ገና አላለቀም። ልጆቼ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ለአንደኛው አራት ጥርስ አስሞልቻለሁ። ልጄ የሐኪሙ ወንበር ላይ ተኝቶ አውራ ጣቴን ጨብጦ ሲያለቅስ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አማርኛ እንዲማርልኝ ማልጄ ያመጣሁትን ልጅ ስኳር አብልታችሁ እንድትመልሱልኝ አልፈልግም። አዲስ አበባ እያለን ባለሱቁ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ በመልሱ ፈንታ ከረሜላ ያስይዘን አልነበር? እኛ ደስ ይለን ነበር። እናቴ ግን «ያልጠየቅኩትን ሸጠልኝ» ትል ነበር። ይሄም እንደዚያው ነው። ሳንጠይቅ እየሸጡልን ነው።

ከክሊቭላንድ የመጣሁ፦ ወንድሜ፣ ስለ ልጅህ ጥርስ አዝናለሁ። ሻጮች ፈጠሩት ያልከውም ልክ ነው። ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያበቃም። እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት 11 ዓመት ክሊቭላንድ ነው የኖርኩት፣ ቀኑም የተጀመረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ 12 የከተማው ከረሜላ ሠሪዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው ሲ. ሲ. ሃርትዜል የሚባል ከረሜላ ሠሪ ነበር። ከ20,000 ሳጥን በላይ አከፋፈሉ። ለማን? መንገድ ላይ ጋዜጣ ለሚሸጡ ልጆች፣ ወላጅ ለሌላቸው፣ ለአረጋውያንና ለድሆች። እነ ቴዳ ባራና አን ፔኒንግተን፣ የዚያ ዘመን ዝነኛ ተዋናዮች፣ በእደላው ረድተዋል። እስቲ ያን ጋዜጣ ሻጭ ልጅ እኛ አገር አምጡት። መገናኛ ላይ ማስቲካና ሶፍት በካርቶን ይዞ በታክሲ መስኮት የሚያንጠራራው ልጅ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሌላው ጣፋጭ ሲሸጥ የሚውል ልጅ አንድ ቀን ለእሱም ሳጥን ሙሉ ተሰጠው።

የመንትዮቹ አባት፦ ጥሩ ታሪክ ነው። ግን የመጀመሪያው በነጻ፣ ቀጣዩ በገንዘብ አይደል እንዴ የነጋዴ ዘዴ? ዛሬ ሱቅ ግባና እይ። የልብ ቅርጽ ያለው ሳጥን ለፍቅረኛ ግዛ ነው የሚልህ። ድሃው የት ሄደ? አረጋዊው የት ሄደ? አንተ የምታወራልኝ መቶ ዓመት ስላለፈው ነገር ነው፣ እኔ የምከፍለው ግን የዛሬውን የጥርስ ሐኪም ነው።

የሁለት ሴቶች እናት፦ እኔ ሁለተኛዋ ተቃዋሚ ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አሁን ጽጌ ላይ ነን። የፈቃድ ጾም መሆኑን አውቃለሁ፣ ማንንም አላስገድድም። ትልቋ ልጄ ግን ዘንድሮ ራሷ «እጾማለሁ» ብላ ጀምራለች። ቸኮሌቱ ወተት አለበት። ያ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ከረሜላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለው፣ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአሳማ። ክፍላችን ውስጥ ሙስሊም ልጆችም አሉ። ልጄ ጓደኞቿ ሲበሉ እጇን አጣጥፋ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ደረቁ ከረሜላ ከሆነ ግን አብዛኛው ስኳር፣ የበቆሎ ሽሮፕና ማጣፈጫ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብበን ከገዛን እኔ ተቃውሞዬን አነሳለሁ።

የወንጂው ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔም ልናገር። የልጅ ልጆቼን ነው የማመጣው። ያደግኩት ወንጂ ነው፣ አባቴም እዚያው ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፣ ከሆላንድ የመጣ ኩባንያ ነው ያቋቋመው። አገዳ የጫነው ትራክተር ሲያልፍ ከኋላ ሮጠን አንዱን ስበን እናወጣና ልጣጩን በጥርሳችን ልጠን እንመጠምጠዋለን። ሰፈሩ ሁሉ የስኳር ሽታ ነበረው። ከረሜላ ግን ብርቅ ነበር። አባቴ ደሞዝ ሲቀበል ነው የምናየው፣ ያውም አንዳንዴ አንድ ፍሬ ለአምስት ልጅ። እናቴ ፍሬዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠቀልልና በመንጋጋዋ ቀጭ ታደርጋታለች። ከዚያ ጨርቁን ትፈታዋለች። ስብርባሪው እኩል አይሆንም፣ ትልቁ ቁራጭ ለትንሹ ነበር የሚሰጠው፣ ለእኔ። ጨርቁ ላይ የቀረችውን ዱቄት እህቴ በምላሷ ትልሳለች። ወረቀቱን በጥፍራችን አለስልሰን ደብተር ውስጥ እናስቀምጠው ነበር።

ጥርሴ ቡናማ ነው፣ አይታችሁታል። እዚህ አገር የሚያየኝ ሰው ሁሉ ከረሜላ ያበላሸው ይመስለዋል። አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በተፈጥሮው፣ ሲበዛ ጥርስን የሚያበላሽ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ እሱን እየጠጣን ነው ያደግነው። የዚያን ዘመን የወንጂ ልጆች ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን። ይህን የምነግራችሁ ከረሜላን ነጻ ለማውጣት አይደለም። አባትየው ስለ ጥርስ ያልከው እውነት ነው። ልጆቹ ግን ከረሜላ ከሱቅ መደርደሪያ ብቻ የመጣ አይምሰላቸው። ከጀርባው አገዳ ቆራጭ አለ። እሱን ንገሯቸው፣ እኔም ከፈለጋችሁ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።

የቅዳሜ አስተማሪ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቢመጡልን ደስታውን አልችለውም። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ከቃሉ ነው የምጀምረው፤ «ከረሜላ» ከጣልያንኛው «ካራሜላ» ነው የመጣው። እንግሊዝኛው «ካንዲ» ደግሞ ከዓረብኛና ከፋርስኛ አልፎ እስከ ሳንስክሪት ይሄዳል። የአገዳን ጭማቂ አፍልተው ወደ ጠጣር ስኳር የለወጡት መጀመሪያ ሕንዶች ናቸው። ከዚያ ዓረቦች ወደ ሜዲትራኒያን ወሰዱት። ወደ ካሪቢያንና ብራዚል ሲሻገር ግን እርሻው ላይ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው የተሠዉበት። ለትልልቆቹ ልጆች ይህንንም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ።

የምሽት ነርስ፦ ከሥራ ወጥቼ አሁን ነው ያነበብኩት። እኔ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ለምን ወደ መጀመሪያው አንመልሰውም? ለልጆቹ አንድ አንድ ይበቃቸዋል፣ ሳጥኑን ለአረጋውያኑ ይዘን እንሂድ። ወር ሙሉ ጠያቂ የማይመጣላቸው አሉ። አንዲት እናት ሮዝ ወረቀት ያለው ከረሜላ በኪሴ ይዤላቸው ስገባ ሳይበሉት በእጃቸው ይዘውት ይተኛሉ። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ስኳር ያለባቸው አሉ፣ መዋጥ የሚቸግራቸውም አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ደውለን እናስፈቅድ፣ ስኳር የሌለውንም ለይተን እንግዛ። እነ ላይፍ ሴቨርስ የሚባሉት ክብ ከረሜላዎች መሐላቸው ቀዳዳ ስላላቸው ይሻሉ ይሆን? ልጅ ቢያንቀው እንዲተነፍስ ብለው ነው የበሱት ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከክሊቭላንድ የመጣሁ፦ እህቴ፣ እሱን አትመኚው፣ ወሬ ነው። ላይፍ ሴቨርስን የሠራው ክላረንስ ክሬን የሚባል የኦሃዮ ቸኮሌት ነጋዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1912። በጋ ላይ ቸኮሌት ስለሚቀልጥበት ሙቀት የሚችል ከረሜላ ፈለገ። የመድኃኒት ክኒን በሚሠራ ማሽን አሠራው፣ ቀዳዳውን ያደረገውም ከአውሮፓ ከሚመጡት አራት ማዕዘን ሚንቶች እንዲለይለት ነው። ስሙም «ሕይወት አዳኝ» ማለት ነው፣ የመጣውም ውሃ ላይ ሰው እንዳይሰጥም የሚያድነውን ጎማ ስለሚመስል ነው። ስለዚህ መዋጥ ለሚቸግራቸው ቀዳዳውን አይታችሁ እንዳትሰጡ።

የምሽት ነርስ፦ ጥሩ፣ እንኳን ጠየቅኩ።

የሁለት ሴቶች እናት፦ ለልጆቹ እዚሁ ኦሃዮ፣ ብራያን ከተማ የሚሠራውን ዳም ዳምስ የሚባል ከረሜላ ብንገዛስ? ትንሽዬ ነው፣ በዘንግ ነው፣ ባንክም ፀጉር ቤትም የሚሰጡት እሱን ነው። አንዱ ጣዕም አልቆ ሌላው ሲጀምር መሐል ላይ የሚደባለቀውን አይጥሉትም፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት ወረቀት ጠቅልለው ይሸጡታል። ልጆቹ ምን ምን እንደተቀላቀለ በአማርኛ ይገምቱ። ብርቱካን፣ እንጆሪ፣ ሐብሐብ እያሉ ቃሉንም ይማሩታል።

የመንትዮቹ አባት፦ እሺ፣ አሁን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አሁንም ስሙን አልወደድኩትም፣ በየዓመቱ ይደረግ የሚል ካለም እቃወማለሁ። ለአረጋውያኑ ከሆነ ግን እምቢ አልልም። ሦስት ነገር ግን እጠይቃለሁ። ለልጅ ከአንድ በላይ አይሰጥ፣ ክፍል ውስጥ አይበላ፣ ከበሉ በኋላም አፋቸውን በውሃ ይጉመጥመጡ። የሃሎዊኑን ጉዳይ በሌላ ቀን እንከራከርበታለን፣ እሱን አልለቅም።

የቅዳሜ አስተማሪ፦ ተስማማን። ነርሷ መጦሪያ ቤቱን ታስፈቅዳለች። የከረሜላውን ወረቀት የምታነብልን የልጃገረዶቹ እናት ናት። ከክፍል በኋላ በቀጥታ እንሄዳለን፣ መኪና ያላችሁ ንገሩኝ።

የመንትዮቹ አባት፦ የእኔ ሰባት ሰው ትይዛለች። ጋሼ፣ እርስዎን ከቤት መጥቼ እወስድዎታለሁ።

የወንጂው ጋሼ፦ ተባረክ ልጄ። ነጠላም ይዤ እመጣለሁ፣ አንዷን ፍሬ ለአምስት እንዴት እንደምትካፈል ላሳያቸው።