የድሮ የሲሚንቶ ክዳን ቅዳሜ ሊነሳ ነው፣ አስቤስቶስ ይሆን?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)
ሰላም ናችሁ? አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የድሮ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ ሦስት ተከራዮች ነን። የሰርቪሱ ጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም። ወፍራም፣ ግራጫ፣ ሲሚንቶ የሚመስል ሞገድ ሞገድ ያለው ክዳን ነው። ማፍሰስ ስለጀመረ ባለቤትየው ክረምት ሳይገባ በቆርቆሮ ልቀይረው ብለው የቀን ሠራተኛ ይዘዋል። ሐሳባቸው ቅዳሜ በመዶሻ እየመቱ ማውረድ፣ ስብርባሪውን ደግሞ ግቢው ጭቃ እንዳይሆን መደልደል ነው። አንዱ ጥግ ተሰብሮ ሳየው ከጠርዙ ቃጫ የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል። ትንሽ ልጅ አለችኝ፣ ግቢው ውስጥ ነው የምትውለው። ምን ላድርግ?

የሰፈር አናጺ
ኧረ አታካብዱ። እኔ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ይኸው ደህና ነኝ። በግራይንደር ቆራርጠው ያውርዱት፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የሥራ ላይ ደህንነት ባለሙያ
ወንድሜ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። አስቤስቶስ ማለት ሲሚንቶውን ለማጠንከር የሚቀላቀል፣ ክር ክር ያለው ማዕድን ነው። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ሥሩ መኖር ያን ያህል አያሰጋም፣ ክሩ ሲሚንቶው ውስጥ ታስሯል። ግራይንደሩ ግን ጉድ ያደርጋችኋል! ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲሰበር በዓይን የማይታይ ክር ይበናል። ያ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ የሚያመጣው ካንሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ዛሬ ደህና መሆን ምንም አያሳይም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አደጋው ይብስበታል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1992 ከልክላዋለች፣ ጎረቤታችን ኬንያም ከልክላለች።
እህቴ፣ አይቶ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ነው የሚለየው። ካልተመረመረ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ሥሩ። መደልደሉን ግን በፍጹም! በተረገጠ ቁጥር እየተፈጨ ይቦናል።

ፎርማን ነኝ
ሲነሳ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ ለቀኑ ዘመድ ቤት ይሂዱ፣ በርና መስኮት ይዘጋ፣ የተሰጣ ልብስ ይግባ። ክዳኑ ውኃ ትንሽ ሳሙና ተቀላቅሎበት በቀስታ ይርጠብ፣ በኃይለኛ ጎማ ግን አይደለም፣ እሱ ራሱ ክሩን ያራግፈዋል። ሚስማሩ ወይም ቡሎኑ እየተፈታ ክዳኑ እንዳለ፣ ሳይሰበር፣ በእጅ ይውረድ እንጂ ከላይ አይወርወር። ሠራተኛው ክዳኑ ላይ በቀጥታ አይቁም፣ ያረጀ ክዳን በድንገት ይሰበራል፣ ሰው ወድቆ የሚሞትበት ሥራ ነው፤ ጣውላ አንጥፎ ይሥራ። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ እዚህ ዋጋ የለውም፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው፣ ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 የሚባለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም ፊት ላይ ካልገጠመ፣ ጺምም ካለ፣ አይሠራም። የሥራ ልብሱን ይዞ ቤቱ አይሂድ። በሌላ አገር የሠራተኞች ሚስቶች ልብሱን በማጠብ ብቻ ታመዋል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤትየው አነበብኩላቸው፣ ወጪው ቅር ቢላቸውም መዶሻውን ትተዋል። አሁን መሬት ላይ ያለውን ስባሪ ልጥረገው?

የሥራ ላይ ደህንነት ባለሙያ
በመጥረጊያ እንዳትነኪው! ቫኪዩምም አይሆንም፣ የቤቱ ዓይነት መልሶ ያቦነዋል። ማስኩንና ጓንት አድርገሽ አርጥቢው፣ በእጅ ልቀሚው፣ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቁም አብሮ ይጣል። ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አድርጊ፣ በሌላ ፕላስቲክ ድገሚው፣ በቴፕ ዝጊና "አስቤስቶስ፣ አይከፈት" ብለሽ ጻፊበት።

ዝም ብዬ አንባቢ
ሙሉ ክዳኖቹስ የት ይጣላሉ? ቆሼ?

ፎርማን ነኝ
ከተራ ቆሻሻ ጋር አይላክም፣ ቆሼ ላይ ዕቃ የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1090/2010። ከቅዳሜ በፊት የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሄዳችሁ የት እንደሚወሰድ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እስከዚያ ተጠቅልሎ፣ ልጅ የማይደርስበት ጥግ ይቀመጥ። ቆራሌው ቢጠይቃችሁ እንዳትሸጡለት፣ ክዳኑ ተመልሶ የሌላ ሰው ጣሪያ ይሆናል።

የሰፈር አናጺ
እሺ፣ ግራይንደሩን ትቻለሁ። ያ ማስክ ግን መርካቶ ስንት ይሸጣል?