ፓነል መቁረጫ ሲኤንሲ ራውተር በጋራ ለመሥራት የቀረበ ረቂቅ እና የአባላት አስተያየት

ጸሐፊ፦
ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ለማሽኑ መሥሪያ ለምናወጣው መዋጮ መነሻ የሚሆነውን ረቂቅ አስፍሬያለሁ፤ አባላት አስተያየታቸውን እንዲሰጡበትና እርማቱ ተካቶ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ የኤምዲኤፍ፣ የቺፕውድና የኮምፔንሳቶ ፓነል (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) የሚቆርጥ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ራውተር (ሲኤንሲ መቁረጫ ማሽን) በአባላቱ እጅ ይሠራል፤ አካሉ እዚሁ ጅማ ይበየዳል፣ ሞተሮቹ፣ የመንሸራተቻ ሐዲዶቹና ስፒንድሉ (መቁረጫውን ጥርስ የሚያዞረው ሞተር) ተገዝተው ይመጣሉ።»

የብረታ ብረት ባለሙያ፦
«ሙሉ» የምትለው ቃል ያሳስበኛል። ያን ያህል ፓነል በአንድ ጊዜ የሚይዝ ማሽን ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ አካል ይፈልጋል፤ በዚያ ርዝመት ላይ ቀጭን ቱቦላሬ ከተጠቀምን ብየዳው ራሱ ጠምዝዞ ይጥለዋል። እኔ ዓምና አንድ የጠረጴዛ አካል በአንድ ወገን ብቻ ጨርሼ በመበየዴ 3 ሚሊ ሜትር ተጣሞብኛል፤ ለጠረጴዛ ከእግሩ ሥር ስባሪ እንጨት ሸጉጦ ማለፍ ይቻላል፣ ሐዲድ ለሚታሰርበት ብረት ግን አይቻልም። ስለዚህ በነጥብ እየያዝን፣ ወገን እያፈራረቅን፣ በየመሃሉ ሁለቱን ሰያፎች እየለካን እንድንበይድና የሐዲዱ መቀመጫ ከብየዳው በኋላ እንዲስተካከል በረቂቁ ይግባልኝ።

የካቢኔ ሠራተኛ፦
የወንድሜን ስጋት እጋራለሁ፤ ሆኖም ሙሉ ፓነል መቁረጥን ትተን ትንሽ ማሽን እንሥራ ማለት አይደለም። የመቁረጫው ስፋት 130 በ130 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የማሽኑ ፊትና ኋላ ክፍት ቢደረግ ፓነሉ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት ይችላል፤ መጀመሪያ ግማሹ ይቆረጣል፣ ማሽኑም በዚያው ሥራ ላይ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ይበሳል፣ ከዚያ ፓነሉ 120 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ተገፍቶ ቀዳዳዎቹ ጠረጴዛው ላይ በተተከሉ ሁለት ካስማዎች ላይ ይቀመጡና ቀሪው ይቆረጣል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሙሉ ኤምዲኤፍ ወደ 40 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ለመግፋቱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ዘዴ ድክመት መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ካስማዎቹ ትንሽ እንኳ ቢዛነፉ መስመሩ ደረጃ ይሠራል። ይሁንና እኛ ከምንቆርጠው አብዛኛው የወጥ ቤት ካቢኔ ጎንና መደርደሪያ በመሆኑና ከ1 ሜትር ስለማይበልጥ በአንድ አቀማመጥ ያልቃል። መጋጠሚያው የሚያስቸግረን በቁም ሣጥን ጎን ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም በእጅ ማስተካከል አያቅተንም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦
አንቀጹ በዚህ መልክ ቢስተካከል እኔም እስማማለሁ፤ ርዝመቱ ካጠረ በቦል ስክሩ (በብረት ኳሶች ላይ በሚንሸራተት ማንቀሳቀሻ ቡሎን) መሥራት ይቻላልና፣ ረጅም ቦል ስክሩ በፍጥነት ሲዞር ይርገበገባል። አንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ቦል ስክሩ፣ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ያለውና እያንዳንዱ እርምጃ በ8 የተከፋፈለ ስቴፐር (በእርምጃ የሚዞር) ሞተር ቢገጠምለት፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 160 እርምጃ ይሰጠናል፤ ለእንጨት ከበቂ በላይ ነው። ስፒንድሉ ባለ 2.2 ኪሎ ዋት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ይሁን፤ በውሃ የሚቀዘቅዘው ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆንም አንድ ተጨማሪ ፓምፕ መጠበቅን ያስከትላል። ባለ አንድ ፌዝ መስመር ተቀብሎ ለስፒንድሉ ሦስት ፌዝ የሚሰጥ ኢንቨርተር ስላለ ለብቻው አዲስ ቆጣሪ መጠየቅ አያስፈልገንም።

ከሁሉ በላይ እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው መብራት ሲሄድ የሚሆነውን ነው። ስቴፐር ሞተር ኃይል ሲያጣ መያዙን ይለቃል፤ ቦል ስክሩ ደግሞ በክብደት ወደ ኋላ ስለሚዞር ስፒንድሉ ገና እየዞረ ቁልቁል ተንሸራትቶ ፓነሉን ይበሳል። ስለዚህ ለላይና ታች እንቅስቃሴው በራሱ የማይለቅ፣ ጥርሱ የተቀራረበ ተራ ቡሎን ይሁን፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን በዚያ አቅጣጫ ፍጥነት ብዙም አያስፈልገንም። መነሻ ነጥቡን የሚያገኝ ማብሪያም በሦስቱም አቅጣጫ ይገጠም፤ መብራት ሲመለስ ማሽኑ የት እንደነበረ የሚያውቀው በእሱ ብቻ ነው።

የካቢኔ ሠራተኛ፦
ፍጥነትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጀማሪ ሰው ፈርቶ ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ያኔ የመቁረጫው ጥርስ ከመቁረጥ ይልቅ እየፋቀ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ራሱም ይደንዛል። በደቂቃ 12,000 ዙር፣ ሁለት ስለት ያለው ጥርስ፣ እያንዳንዱ ስለት በአንድ ዙር 0.15 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል ብለን ብናሰላ በደቂቃ 3.6 ሜትር መሄድ አለበት። ይህ ሒሳብ ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ።

የበርጩማ ጠራቢ፦
ልጆቼ፣ እኔ የማሽኑን ጉዳይ ለእናንተ እተወዋለሁ። የምጠይቀው ግን ማሽኑ በማኅበሩ ስም የጅማን በርጩማ እንዳይሠራ ነው፤ እሱ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ የእጅ ሥራ ነውና።

የካቢኔ ሠራተኛ፦
አባታችን፣ በሥራው በኩል እንኳ አይስጉ፤ ከላይ ብቻ የሚወርድ ጥርስ ከመቀመጫው ሥር ገብቶ እግሩን ማውጣት አይችልም። ገጣጥሞ «የጅማ በርጩማ» ብሎ መሸጥ ግን ለማንም የሚያስቸግር አይደለምና ጥያቄዎ በጽሑፍ መግባቱን እደግፋለሁ።

የማጠናቀቂያና ቀለም ሠራተኛ፦
እስካሁን ስለ ብናኝ ማንም አላነሣም። የኤምዲኤፍ ብናኝ ደቃቅ ነው፤ ማጣበቂያውም ፎርማልዴሃይድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል። መስኮት መክፈት በቂ ስላልሆነ ከስፒንድሉ ሥር የሚስብ ቱቦና ማጠራቀሚያ ከመጀመሪያው ግዢ ጋር ይካተት፤ «በኋላ እንጨምራለን» የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ጸሐፊ፦
የተስተካከለው አንቀጽ፦ «ማኅበሩ 130 በ130 ሳንቲ ሜትር የሚቆርጥ፣ ፊትና ኋላው ክፍት የሆነ፣ ሙሉ ፓነልን በሁለት አቀማመጥ የሚጨርስ ራውተር ይሠራል። የላይና ታች እንቅስቃሴው ኃይል ሲቋረጥ በማይለቅ ቡሎን ይሆናል፤ የብናኝ መሳቢያው ከስፒንድሉ ጋር አብሮ ይገዛል። ማሽኑ በርጩማ ለመሥራት አይውልም።» የአሠራር ዝርዝሩ በአባሪ ይያያዛል። ተቃውሞ ያለው አባል እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ።

የብረታ ብረት ባለሙያ፦
ተቃውሞ የለኝም። የኤሌክትሪክ ባለሙያው የሐዲዱን ስፋትና የቀዳዳዎቹን ርቀት ቀደም ብለው ይላኩልኝ፤ ሐዲዱን ሳላይ ብረቱን አልበሳም።