«ክፍለ ቃል» እና «ምዕላድ»፦ ፊደል ቆጥሬ ተሸነፍኩ

ከሀዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ «ሪስፖንሲቢሊቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ክፍለ ቃል እንዳለው ይጠይቃል። እኔም ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝና በጣቴ ቆጠርኩላት፦ ሪ፣ ስ፣ ፖ፣ ን፣ ሲ፣ ቢ፣ ሊ፣ ቲ። ስምንት! በማግስቱ ተሰርዞ፣ በቀይ እስክሪብቶ 6 ተጽፎበት መጣ። ልጅቷ አኩርፋኛለች። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ምዕላድ የሚባለውስ ከዚህ በምን ይለያል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ያሳሳተህ የራሳችን ፊደል ነው። ክፍለ ቃል ማለት በአንድ አናባቢ የሚጠራ የቃል ቁራጭ ነው። ሳድስ (ስድስተኛው የፊደል ረድፍ፣ እንደ «ስ» እና «ን») ግን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ሀዋሳ» ሦስት ፊደል፣ ሦስት ክፍለ ቃል ነው። እዚያው አጠገብህ ያለው ተራራ፣ «ታቦር»ም ሦስት ፊደል ነው። ሲጠራ ግን ታ-ቦር፣ ሁለት። እስቲ እጅህን አገጭህ ሥር አድርግና ቃሉን ቀስ ብለህ ጥራው፦ ሪ-ስፖን-ሲ-ቢ-ሊ-ቲ። አገጭህ ስድስቴ ዝቅ ይላል። «ስ» እና «ን» ከጎረቤት ጋር በደባልነት ነው የሚኖሩት።

(አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ክፍለ ቃልን «ቀለም» ይሉታል። «የቀለም ሰው» ከምንለው ጋር እንዳይምታታብህ።)

ምዕላድ ላይ አገጭ አይሠራም። የምትፈልገው ትርጉም ያለውን ትንሹን ቁራጭ ነው፦ ሪስፖንስ + ኢብል + ኢቲ። ሦስት። የመጨረሻው «ኢቲ» ልክ እንደኛ «-ነት» ነው፤ ኃላፊ ብለን ኃላፊነት እንደምንለው። አሁን የ«ሪስፖንስ»ን መጨረሻ ተመልከት። በምዕላድ ሲከፈል «ስ» የግራው ነው። ስንናገር ግን ወደ ቀኝ ዘሎ «ሲ» ሆኗል።

የእንግሊዝኛ ጣጣ ብቻ እንዳይመስልህ። «ቤቶች» ማለት ቤት + ኦች ነው። አፋችን ግን ቤ-ቶች ይላል። «ት» ቤቱን ጥሎ ሄደ! ፊደላችን ደግሞ «ቶ» ብሎ ስፌቱን ይደብቀዋል። እኔ ራሴ ይህን እስካውቅ ድረስ ቅጥያው «-ቶች» ይመስለኝ ነበር።

ከሀዋሳ፦
አገጬን ይዤ ስሞክር ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ «ጥርስህን ነው?» አለኝ። ለማንኛውም ስድስት ወጣልኝ። «ስትሬንግዝ» የሚለውስ?

መልስ፦
አንድ። በእንግሊዝኛ 8 ፊደል፣ አንድ አናባቢ። እኛ ግን «ስፖርት»ን «እስፖርት» እንደምንለው እሱም ላይ «እ» ጣል እናደርግበታለን። ስለዚህ በአበሻ አፍ አገጭህን ካመንክ ልጅቷን ሁለተኛ ታስቀይማታለህ።