ኮንፌዴሬሽን ለምሥራቅ አፍሪካ መሸጋገሪያ ነው ወይስ እዚያው መቅሪያ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሥራች ስምምነት ጉዞው ከጉምሩክ ኅብረት ተነሥቶ በጋራ ገበያና በገንዘብ ኅብረት በኩል የፖለቲካ ፌዴሬሽን ላይ እንደሚደርስ ይደነግጋል። የመሪዎቹ ጉባኤ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮንፌዴሬሽንን፣ ማለትም አባል አገሮች ሉዓላዊነታቸውን እንደያዙ የሚተሳሰሩበትን ኅብረት፣ እንደ መሸጋገሪያ ተቀብሏል። በሦስት አገሮች የተጀመረው ማኅበረሰብ ዛሬ ስምንት አባላት አሉት። ለመሆኑ ይህ መሸጋገሪያ ወደ ፌዴሬሽኑ ያደርሳል ወይስ እዚያው ያስቀራል? ጉዳዩን በቅርብ የምትከታተሉ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 1

እዚያው ያስቀራል ባይ ነኝ። በኮንፌዴሬሽን ውስጥ ማዕከሉ የሚኖረው አባል መንግሥታት በፈቀዱለት መጠን ብቻ ነው። ሴኔጋልና ጋምቢያ በ1982 የመሠረቱት ኮንፌዴሬሽን በ1989 የፈረሰው ሴኔጋል ውህደቱን ለማጥበቅ ስትገፋ ጋምቢያ ሉዓላዊነቴ ይነካል ብላ በማፈግፈጓ ነው። ፌዴሬሽን የሚፈልግ ሕገ መንግሥቱን አርቅቆ በቀጥታ ለሕዝብ ያቅርብ።

ምላሽ 2

ከላይ በተሰጠው አስተያየት የምስማማው በከፊል ነው። የታንጋኒካ (የኋላዋ ታንዛኒያ)፣ የኬንያና የዩጋንዳ መሪዎች ኔሬሬ፣ ኬንያታና ኦቦቴ በሰኔ 1963 ናይሮቢ ላይ በዚያው ዓመት ፌዴሬሽን እንደሚመሠርቱ አውጀው ነበር፤ አልሆነም። በምትኩ በ1967 የተቋቋመው የቀድሞው ማኅበረሰብ የጋራ አየር መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና ወደቦች ነበሩት፤ ይህም ዛሬ ካለው ውህደት በብዙ መልኩ የጠለቀ ነበር። ሆኖም የበላይ ሥልጣኑ በሦስቱ ፕሬዚዳንቶች እጅ ስለነበር፣ ኢዲ አሚን በ1971 ኦቦቴን ገልብጦ ሥልጣን ሲይዝና ኔሬሬ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም ሲሉ፣ ጉባኤው መሰብሰብ አቆመ። በዚያ ላይ ከጋራ ገበያው የበለጠ የምትጠቀመው ኬንያ ናት የሚለው ቅሬታ ተጨምሮበት ማኅበረሰቡ በ1977 ፈረሰ፤ ታንዛኒያም ከኬንያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ዘግታ እስከ 1983 አቆየችው።

ዛሬም ይህ ድክመት አልተወገደም። ዐበይት ውሳኔዎች የሚጸኑት መሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ የማኅበረሰቡን ምክር ቤት አባላትም፣ ከየአገሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው፣ የሚመርጧቸው ብሔራዊ ፓርላማዎች እንጂ ዜጎች አይደሉም። የአውሮፓ ፓርላማ ግን ከ1979 ጀምሮ በዜጎች ቀጥተኛ ድምፅ ይመረጣል። ስለዚህ ቅርጹ ፌዴሬሽን ተባለ ኮንፌዴሬሽን፣ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤትና ከአባል አገሮች መዋጮ ውጭ የራሱ ገቢ ከሌለው ሁለት መሪዎች በተኳረፉ ቁጥር ሥራው ይቆማል። እኔ በበኩሌ ከሕገ መንግሥቱ በፊት እነዚህ ሁለቱ እንዲሟሉ አጥብቄ እሟገታለሁ።

ምላሽ 3

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ፈቃደኞቹ ይቅደሙ፣ ሌሎቹ ሲዘጋጁ ይከተሉ። በአውሮፓ አገሮች መካከል የድንበር ቁጥጥርን ያስቀረውን የሸንገን ስምምነት በ1985 የፈረሙት አምስት አገሮች ብቻ ነበሩ። በእኛም ቀጠና ኬንያ፣ ዩጋንዳና ሩዋንዳ ሌሎቹን ሳይጠብቁ በ2014 የጋራ የቱሪስት ቪዛ ጀምረዋል። በድንበር ከተማዋ ቡሲያ ላይ ከኬንያ ወደ ዩጋንዳ የሚሻገር የጭነት መኪና የሚቆመው በዩጋንዳ በኩል ብቻ ነው፤ የሁለቱም አገሮች ሠራተኞች እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ጉዳዩን ይጨርሱለታል። ለዚህ የፌዴራል መንግሥት አላስፈለገም።

ከዚህ መንገድ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ የቀደሙት ያወጡትን ደንብ ዘግይቶ የሚገባው እንዳለ እንዲቀበል ይገደዳል፣ የሚዘገዩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ተቋማት ያሏቸው አገሮች ናቸው። ስለሆነም ደንቡ በሚረቀቅበት ጊዜ፣ ፈራሚ ባይሆኑም፣ እነሱም ተገኝተው ሐሳባቸውን የሚያሰሙበት መብት ከመጀመሪያው በጽሑፍ ሊሰፍርላቸው ይገባል።