አምስት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ፦ ሂሳቡን እንዴት እንካፈል?

ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ተከራይተን እንኖራለን። ኦሮሞ፣ ዳውሮ፣ ከፋ፣ የምና ጉራጌ ነን። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ እኔን እዚህ ያቆየኝ ግን ጎረቤቶቼ ናቸው። ጠዋት ቡና በየተራ ይፈላል። ልጅ ከታመመ ሌሊትም ቢሆን የሁሉም በር ይከፈታል። ይህ እንዲበላሽ አልፈልግም።

ችግራችን መብራት ነው። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ሂሳቡን ለአምስት እኩል እንካፈል ነበር። ከዚያ አንዷ እናት እንጀራ ጋግረው መሸጥ ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ ሂሳቡ ዘለለ፤ ቅሬታም መጣ።

አዋጥተን ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ አስገጠምን። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ባለፈው ወር ዋናው 420 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። የእሳቸው ብቻ 230 ነው፤ የአራታችን ተደምሮ 190። ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። እኔ የምጠቀመው 40 ነው። ለብቻዬ ብሆን በዝቅተኛው እርከን እከፍል ነበር፤ አሁን ግን የምከፍለው በግቢው እርከን ነው። እሳቸው ደግሞ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች ምጣድ ነው። ጭማሪውን በሙሉ ይሸከሙ ማለት ከበደን። የየራሳችንን ዋና ቆጣሪ እንድናስገባ አከራያችን አልፈቀዱም።

እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የኖራችሁ፣ በእርከኑ ምክንያት የሚመጣውን ጭማሪ እንዴት ነው የተካፈላችሁት?