ዳርክ ላይ ስንት ዮናስ ነው ያለው? (ሲዝን 3 ያላያችሁ አትግቡ፣ ስፖይለር ነው)

የምድር ቤቱ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ዳርክን፣ ያንን የጀርመን የጊዜ ጉዞ ተከታታይ ፊልም፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጨረስኩት፣ 26ቱንም ኤፒሶድ፣ ደብተር ይዤ ነው ያየሁት ሳቁብኝ፣ ግን አሁንም አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል። ሲዝን 2 መጨረሻ ላይ፣ ዓለም የሚያልቅበት ፍንዳታ ቀን፣ አዳም (ያረጀው ዮናስ ራሱ) የዮናስን ፍቅረኛ ማርታን ይገድላታል፣ ዮናስ ሬሳዋን አቅፎ እያለቀሰ የሌላኛው ዓለም ማርታ፣ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ የቆረጠችው፣ ትመጣና ይዛው ትጠፋለች። ሲዝን 3 ላይ ደሞ ያው ቀን ያው ቤት፣ ያቺው ማርታ ልትገባ ስትል ጓደኛቸው ባርቶሽ ውጪ ያስቀራታል፣ ዮናስ የሚደርስለት ሲያጣ ምድር ቤት ወርዶ ብቻውን ይተርፋል። እሺ፣ ይዛው የሄደችው ዮናስ እዛኛው ዓለም በጥይት ተመቶ ይሞታል፣ ምድር ቤት የወረደው አርጅቶ አዳም ይሆናል። የሞተ ሰው እንዴት ነው የሚያረጀው??

የኔ ቴዎሪ ዓለሞቹ አራት ናቸው፣ የፍንዳታው ቀን ሁለቱም ለሁለት ለሁለት ተሰንጥቀዋል ነው የምለው። ጓደኞቼ ግን እብድ ነው የመሰልኳቸው።

በነገራችን ላይ በጀርመንኛው ነው የማየው፣ እነሱም ልክ እንደኛ ዮናስ ብለው ነው የሚጠሩት፣ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስትሰማ ስትሰማ ቆይታ "ይሄ ዮናስ የቱ ነው፣ ትናንት ሞተ አላልክም?" አለችኝ። ምን ልበላት።

ሰባራ ሰዓት፦
ኪኪኪ እናትህ ካንተ ቀድማ ጥያቄውን አግኝታዋለች። አራት ዓለም ግን የለም ወንድሜ። ጊዜ ተጓዧ ክላውዲያ መጨረሻ አካባቢ ለአዳም የምትነግረውን መልሰህ እየው። ፍንዳታው ሲፈነዳ ጊዜ ለቅንጣት ሴኮንድ ይቆማል፣ ጊዜ ከቆመ "ይሄ ስለሆነ ያ ሆነ" የሚባለው ሰንሰለት ይበጠሳል፣ በዛች ቀዳዳ ሁለቱም ነገር ይሆናል። ማርታ ወሰደችውም አልወሰደችውም። የሽሮዲንገር ድመት የምትባለው ነገር ናት፣ ሳጥኑ ውስጥ ሞታም ቆማም ያለችው። ዋናው ነገር ኤቫ (የዛኛው ዓለም ማርታ ስታረጅ) ሁለቱም ዮናስ ያስፈልጓታል፣ አንዱ ልጁን እንዲያስወልድላት አንዱ አዳም እንዲሆንላት፣ ስለዚህ አንዱ ታይምላይን ከሌላው ማምለጫ አይደለም፣ ሁለቱም አንድ ቋጠሮ ላይ ያሉ ክሮች ናቸው። ቅርንጫፍ ሳይሆን ቋጠሮ በለው።

ደሞ የትኛው ዓለም ላይ እንዳለህ ከጠፋህ የነዮናስን ቤት እይ፣ ኤቫ ዓለም ላይ ልክ እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ተገልብጧል። ካልሆነም ፖሊሱን ቮለርን እየው፣ ዓይኑ ከተሸፈነ የአዳም ዓለም ነው፣ እጁ ከሌለ የኤቫ። እኔ ሙሉ ሲዝን 3ን በቮለር ነው የተሻገርኩት።

ሙና፦
ከርዕስ ልወጣ ነው ይቅርታ። ዳርክ ላይ በየ33 ዓመቱ ይደገማል የሚሉት የጊዜ ዑደት ለፈረንጅ እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ቤት ግን ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ገደማ ያንሳል አይደል፣ 11 በ33 ሲባዛ 363፣ ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረው፣ ስለዚህ ረመዳን ዞሮ ዞሮ በ33 ዓመቱ ቦታው ላይ ይመለሳል። አያቴ በልጅነቷ የፆመችበት ወቅት ላይ በእርጅናዋ ድጋሚ ስትደርስ "ይሄንን ሙቀት አውቀዋለሁ" ብላ ነበር። ቁጭ ብዬ አሰላሁት እና የፊልሙ ዓመቶች 1953፣ 1986፣ 2019፣ ሦስቱም ላይ ረመዳን የገባው በፈረንጆቹ ሜይ ወር ውስጥ ነው። ፀጉሬ ቆመ። በቃ ቀጥሉ።

አባ ጠርጥር፦
ሙና ይሄንን ብቻውን ፖስት አድርጊው ኧረ!

ሰባራ ሰዓት የቋጠሮው ነገር ገብቶኛል ግን መጨረሻው ላይ አይሰራም። አስቡት፣ ሰዓት ሰሪው ታንሃውስ ልጁ፣ የልጁ ሚስትና የልጅ ልጁ 1971 በመኪና አደጋ ስለሞቱበት ነው የጊዜ ማሽኑን የሚሰራው፣ 1986 ላይ ሲያስነሳው የሱ ዓለም ለሁለት ተሰንጥቆ የአዳምና የኤቫ ዓለም ይወለዳሉ። ዮናስና ማርታ ወደ አደጋው ቀን ሄደው መንገድ ላይ ቆመው ድልድዩ ተዘግቷል ብለው ልጁን ወደ ቤቱ ይመልሱታል። ጥሩ። አደጋ ከሌለ ማሽን የለም፣ ማሽን ከሌለ ዮናስ የለም፣ ዮናስ ከሌለ መኪናውን ማን አስቆመው? ስለዚህ አደጋው የደረሰበት አንድ ታይምላይን የሆነ ቦታ መኖሩ ግድ ነው፣ የተሰረዘ ቢሆንም ድሮ ነበር ማለት ነው፣ ጠያቂው በቁጥሩ ተሳሳተ እንጂ በሃሳቡ ልክ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬ የዮናስ እናት ሃና። መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱ ዓለሞች ከጠፉ በኋላ፣ እራት ላይ ዓለም ሲያልቅ በሕልሟ እንዳየች ስታወራ፣ ያንን የዮናስን ቢጫ የዝናብ ልብስ ስታይ ፍዝዝ ስትል፣ ከዛ የሆዷን ልጅ ዮናስ ልትለው ስታስብ። ያልነበረ ነገር ትዝ አይልም።

ሰባራ ሰዓት፦
ወይም ፀሐፊዎቹ እንድናለቅስ ብቻ ነው ያስገቡት። እኔ አልቅሻለሁ ግን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም።

የምድር ቤቱ ልጅ፦
አባ ጠርጥር ኑርልኝ፣ አራት ያልኩትን አንስቻለሁ፣ "አንድ የተሰረዘ" ብዬ ደብተሬ ላይ አስተካክዬዋለሁ። የእራቷን ሲን አሁን ደግሜ አየኋት። ቮለር ዓይኑን ምን እንደነካው ሊናገር አፉን ሲከፍት መብራት ድርግም አለ፣ ሦስት ሲዝን ጠብቀን ሳንሰማው ቀረን። እናቴ ቀና ብላ "እነሱም ጋ ይጠፋል እንዴ?"